ጎበዝ የበረራ መኮንን ለመሆን ምን ልሥራ? ከኋላ መቀመጫ ለሚጀምሩ የተዘጋጀ መመሪያ

ለስልጠና የተመረጡ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «መሪውን የሚይዘው አብራሪው ነው። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ጎበዝ የምባለው ምን ሳደርግ ነው?» በቃል ስመልስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይረሳኛል። ስለዚህ ጽፌ ላስቀምጠው።

የበረራ መኮንን ስል አብራሪ ያልሆነውን፣ ግን አብሮ የሚበረውን መኮንን ማለቴ ነው። እንደ ኤፍ-15ኢ ባሉ ባለሁለት መቀመጫ ጄቶች ከአብራሪው ጀርባ ተቀምጦ ራዳሩን፣ የጦር መሣሪያውንና አቅጣጫውን ይከታተላል። ኢ-2 ሆክአይ ላይ ከ2ቱ አብራሪዎች በስተኋላ 3 ሆነው የአየር ክልሉን ይቃኛሉ። በባሕር ቃኚ አውሮፕላኖች ላይ ደግሞ ተልዕኮውን የሚያስተባብር መኮንን አለ። ስሙ በየአገሩ ይለያያል። ናቪጌተር የሚሉት አሉ፤ የጦር መሣሪያ ሲስተም መኮንን የሚሉትም አሉ። የሥራው ሥር ግን አንድ ነው። አውሮፕላኑ ከመድረሱ በፊት በሐሳብ ቀድሞ እዚያ መድረስ፣ ያዩትንም በሰዓቱ መናገር። ከታች ያለው ሁሉ ወደ እነዚህ ሁለት ነገሮች ይመለሳል።

ልብ በሉ፦ ይህ ጽሑፍ የአውሮፕላናችሁን መመሪያ መጽሐፍ አይተካም። እዚህ ያለው ቁጥር ከመጽሐፉ ጋር ካልገጠመ የመጽሐፉን ያዙ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ጭን ላይ የሚታሰር የወረቀት ሰሌዳ።
- 2 እርሳሶች፣ ሁለቱም በክር ከሰሌዳው ጋር የታሰሩ። ኮክፒት ውስጥ የወደቀ እርሳስ መሪው ወይም ፔዳሉ ሥር ገብቶ ሊቀረቅረው ይችላል። ክሩ ለዚህ ነው።
- ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት።
- የአውሮፕላኑ መመሪያ መጽሐፍና ቼክሊስት።
- የመቀመጫችሁ ኮክፒት ሥዕል፣ በትክክለኛ መጠኑ የታተመ።
- የምትበሩበት አካባቢ የበረራ ካርታ።
- አንድ ትንሽ ደብተር፣ ለበረራ ግምገማ ብቻ።
- ድምፅ መቅጃ። ለሬዲዮ ልምምድ ስልካችሁ ይበቃል። የእውነተኛ ተልዕኮ መረጃ ግን በግል ስልክ በፍጹም አትቅረጹ።
- አንድ ተራ ወንበር። ለምን እንደሆነ በ2ኛው እርምጃ ላይ ታገኙታላችሁ።

1. ቁጥሮቹን በቃል ያዙ

«ኮምፒውተሩ ያሰላ የለ እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ያሰላል። ግን ሰው የተሳሳተ ቁጥር ሲያስገባበት ያንኑ ስህተት አሳምሮ ያሰላል። ግምቱ አስቀድሞ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ካለ፣ ስክሪኑ ላይ የወጣው ቁጥር ሲያፈነግጥ ወዲያው ይቆረቁራችኋል። በቃል የምትይዙት ለዚህ ነው።

ፍጥነት። በምድር ላይ ያለውን ፍጥነት ለ60 አካፍሉ። 420 ኖት (በሰዓት 420 ኖቲካል ማይል) ማለት በደቂቃ 7 ኖቲካል ማይል ነው። 480 ኖት ደግሞ 8። ረዘም ላለ ርቀት በ6 ደቂቃ አስቡ። በ6 ደቂቃ ውስጥ የፍጥነቱን አንድ አሥረኛ ትበራላችሁ፤ በ420 ኖት 42 ማይል ማለት ነው።

ከመስመር መውጣት። 60 ማይል ስትበሩ የ1 ዲግሪ ስህተት 1 ማይል ያህል ያስወጣችኋል። እንግዲህ 30 ማይል በርራችሁ ከመስመሩ 2 ማይል ከወጣችሁ ስህተቱ 4 ዲግሪ ነው። ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ ይሳሳታል። 4 ዲግሪ ብቻ ካረማችሁ ከመስመሩ ጎን ለጎን ትሄዳላችሁ እንጂ አትመለሱበትም። በቀጣዩ 30 ማይል ውስጥ መስመሩን ለመያዝ 8 ዲግሪ ያስፈልጋችኋል።

መውረድ። የምትወርዱትን ከፍታ በሺህ ቆጥራችሁ በ3 አባዙ። ከ24,000 ወደ 3,000 ጫማ ለመውረድ 21 ሺህ ነው፤ በ3 ሲባዛ 63 ማይል። መውረድ የሚጀመረው ከዚያ ርቀት ላይ ነው። በደቂቃ ስንት ጫማ? የምድር ፍጥነቱን በ5 አባዙ። በ300 ኖት ወደ 1,500 ጫማ ይሆናል።

ነዳጅ። በሰዓት 6,000 ፓውንድ የሚበላ አውሮፕላን በደቂቃ 100 ይበላል። 7,200 ፓውንድ ይዛችሁ በ4,000 መመለስ ካለባችሁ፣ ያላችሁ 32 ደቂቃ ነው። አፍተርበርነር (ተጨማሪ ነዳጅ እያቃጠለ ለሞተሩ ኃይል የሚጨምረው ክፍል) ሲበራ ይህ ስሌት ይፈርሳል። ፍጆታው ብዙ እጥፍ ስለሚሆን፣ አፍተርበርነር በጠፋ ቁጥር ነዳጁን እንደ አዲስ አንብባችሁ እንደገና አስሉ።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ጓደኛችሁ ቁጥር ይጥራ፤ እናንተ ደረጃ እየወጣችሁ መልሱ። ተቀምጦ መመለስ ዋጋ የለውም። አየር ላይ ጩኸቱ፣ ጭምብሉና ሙቀቱ ሐሳብን ይሻማሉ። ትንፋሽ እያጠራችሁ በ3 ሰከንድ ውስጥ ከመለሳችሁ፣ ያ ቁጥር አየር ላይም ከአፋችሁ አይጠፋም።

2. ወንበር ላይ ብረሩ

የኮክፒቱን ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ፊት ለፊቱ ወንበር አድርጋችሁ ተቀመጡ። የጭን ሰሌዳውን እሰሩ፣ ሰዓቱን አስነሱ፣ የነገውን በረራ ከሞተር ማስነሳት እስከ ማቆም በትክክለኛው ሰዓቱ ብረሩ። እጃችሁ እያንዳንዱን ማብሪያና ማጥፊያ ሥዕሉ ላይ ይንካ። የሬዲዮውን ንግግር ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩ።

ድምፅ ማውጣቱ ላይ አልደራደርም። በልብ ሲያስቡት ሁሉም ንግግር ቀላል ነው። አፍ ሲከፈት ነው የማታውቁት ቦታ የሚገለጠው። ቅረጹትና መልሳችሁ ስሙት። «እእእ» ያላችሁበት ቦታ ሁሉ በደንብ ያልገባችሁ ቦታ ነው።

አንድ ጊዜ ያለ እንከን ከበረራችሁ በኋላ ሁለተኛውን ዙር አበላሹት። ሬዲዮው ጠፋ እንበል። የምታርፉበት ማኮብኮቢያ ተዘጋ እንበል። ምን ትላላችሁ? እጃችሁ ወዴት ይሄዳል? ቀጣዩ የሬዲዮ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ስንት ነው? ይህን ምድር ላይ ያልመለሰ ሰው አየር ላይ ፈልጎ እስኪያገኘው ድረስ በየደቂቃው 7 ማይል ይሄዳል።

3. የአደጋ ጊዜ እርምጃዎችን ቃል በቃል አጥኑ

እያንዳንዱ አውሮፕላን መጽሐፍ ሳይገለጥ በቃል የሚሠሩ እርምጃዎች አሉት። የሞተር እሳት፣ የኦክስጅን ችግር፣ ከቁጥጥር መውጣት። እነዚህን «በራሴ አባባል» አትያዟቸው። ቃል በቃል፣ በቅደም ተከተል። አንዷ ቃል ስትቀየር እጅ የሚሄድበት ማብሪያ ሊቀየር ይችላል።

ከቃል ጥናቱ ቀጥሎ የእናንተ ሥራ ሦስት ነው። ቼክሊስቱን ጮክ ብሎ ማንበብ። ወደ ኋላ የማይመለስ እርምጃ ከመወሰዱ በፊት ከአብራሪው ጋር ማረጋገጥ፤ ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን ላይ አንዱ በእሳት ሲያያዝ ጤነኛውን ማጥፋት የሚመጣው ከችኮላ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከፍታውን መጠበቅ።

ሦስተኛው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን የፊት ጎማ አመልካች መብራቱ አልበራም። ሠራተኞቹ በሙሉ በመብራቷ ተጠመዱ። ከፍታውን ይዞ የነበረው አውቶፓይለት ሳያውቁት ስለተለቀቀ አውሮፕላኑ ቀስ እያለ ወርዶ ረግረግ ውስጥ ወደቀ። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ ችግር በተነሳ ቁጥር አንዱ ችግሩን ይፍታ፣ አንዱ ከፍታውንና ፍጥነቱን ይመልከት። የትኛው ማን እንደሆነ ጮክ ብላችሁ ተነጋገሩ።

4. ሰውነታችሁን ለኋላ መቀመጫ አዘጋጁ

የኋላ መቀመጫ የራሱ ፈተና አለው። መሪውን የያዘ ሰው አውሮፕላኑ መቼ እንደሚዞር አስቀድሞ ያውቃል። እናንተ አታውቁም።

ስለ ጂ። ጂ ማለት ሰውነት የሚከብድበት ልክ ነው፤ በ6 ጂ ክብደታችሁ 6 እጥፍ ይሆናል። ጠንካራ መዞር ሲመጣ ደም ከጭንቅላት ወደ እግር ይሸሻል። መጀመሪያ እይታ ይጠባል፣ ቀጥሎ ራስ መሳት ይመጣል። መከላከያው እግርን፣ መቀመጫንና ሆድን አጥብቆ መወጠር፣ ትንፋሽን ይዞ በየ3 ሰከንዱ ገደማ በፍጥነት መቀየር ነው። የሚጀመረው ግን ጂው ከመምጣቱ በፊት ነው። ከመጣ በኋላ መጀመር ማለት የሸሸውን ደም እየተከተሉ መሮጥ ነው። ስለዚህ አብራሪው መሪውን ከመሳቡ በፊት እንዲናገር ምድር ላይ ተስማሙ። አንገታችሁንም ጠብቁ። ጭንቅላት ከሄልሜትና ከጭምብል ጋር 7 ኪሎ ቢመዝን፣ በ6 ጂ 42 ኪሎ ይሆናል። ወደ ስክሪን አጎንብሳችሁ ሳለ ከተሳበ የሚጎዳው አንገት ነው። ጥሪውን ስትሰሙ ጭንቅላታችሁን ከመደገፊያው ጋር አስጠጉ። የአንገትና የእግር ጡንቻ ልምምድ በሳምንታዊ ፕሮግራማችሁ ውስጥ ይግባ።

ስለ ማቅለሽለሽ። በብዙዎች ላይ ይደርሳል፤ በተለይ ተጎንብሶ ስክሪን በሚያይ ላይ። ዓይን «ቆሜያለሁ» ይላል፣ ጆሮ «እየዞርኩ ነው» ይላል። መፍትሔው በየጊዜው ቀና ብሎ አድማሱን ማየት፣ በባዶ ሆድ አለመብረር፣ አየሩን ቀዝቀዝ ማድረግ ነው። ከበዛባችሁ አትደብቁ። ሐኪሞች በሚሽከረከር ወንበር ቀስ በቀስ የሚያለማምዱበት ዘዴ አላቸው፤ ብዙ ሰው ይሻለዋል። ካለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት ውጣችሁ ግን አትብረሩ። ብዙዎቹ የማቅለሽለሽ መድኃኒቶች ያስተኛሉ።

ስለ ኦክስጅን። በ25,000 ጫማ ላይ ኦክስጅን ቢቋረጥ በአግባቡ ማሰብ የምትችሉት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ነው። በ35,000 ጫማ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ። ተንኮሉ ደግሞ ሰውየው ደህና እንደሆነ የሚሰማው መሆኑ ነው። ምልክቱ ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ ጣቱን ይነዝረዋል፣ ሌላው ያለምክንያት ደስ ይለዋል፣ ሌላው ይሞቀዋል። በስልጠናው የከፍታ ክፍል ውስጥ የራሳችሁን ምልክት በደብተር ጻፉ። የአብራሪያችሁንም እወቁ። ድምፁ ሲንተባተብ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ።

ስለ ጆሮ ማታለል። ደመና ውስጥ ዝግ ያለ መዞር ለ20 ሰከንድ ያህል ከቀጠለ የውስጥ ጆሮ መዞሩን መናገር ያቆማል። ከዚያ ቀጥ ሲባል በሌላ በኩል የዞራችሁ ይመስላችኋል። መሣሪያውን እመኑ። አብራሪው «ግራ ገባኝ» ካለ ደግሞ መሣሪያውን ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፤ «ክንፍ ቀጥ ነው፣ ከፍታ 8,000፣ ፍጥነት 350።»

እንቅልፍ ላይ ብዙ አልናገርም። ከበረራ በፊት በቂ እንቅልፍ፣ በቂ ውኃ። የአልኮል የጊዜ ገደቡን ክፍላችሁ ካወጣው በላይ አርቁት እንጂ አታሳጥሩት።

5. ብሪፊንግ ላይ ሥራውን ቁረጡ

ከበረራ በፊት ያለው ስብሰባ የሥራ ክፍፍል ቦታ ነው። ከአብራሪያችሁ ጋር እነዚህን ሳትጨርሱ አትነሱ፦

ማን ምን ያያል? ማን በየትኛው ሬዲዮ ይናገራል? ዝቅተኛው ከፍታ ስንት ነው?

የነዳጅ ሁለት ቁጥሮች። «ቢንጎ» የሚባለው በደህና ተመልሶ ለማረፍ የሚያስፈልገው ነዳጅ ነው። «ጆከር» ከእሱ ከፍ ያለ፣ ልምምዱን ማቋረጥ የሚጀመርበት ቁጥር ነው። ሁለቱንም በጭን ሰሌዳው ራስጌ በትልቁ ጻፉ። ቢንጎ ላይ ድርድር የለም። «አንድ ዙር ብቻ» የሚለው ቃል ሲመጣ ቁጥሩን ደግማችሁ አንብቡ።

ዘሎ መውጣት። የሚወነጨፍ መቀመጫ ላይ ከሆናችሁ ትእዛዙ ምን ዓይነት ቃል እንደሆነ፣ ማን እንደሚሰጥ፣ አንዱ የመውጫ እጀታውን ሲስብ ሌላውም አብሮ ይወጣ እንደሆነ አረጋግጡ። በፊትና ኋላ መቀመጫ አውሮፕላኖች ላይ በአብዛኛው የኋላው ሰው በቅጽበት ቀድሞ ይወጣል፤ የፊተኛው መቀመጫ ሮኬት እንዳያቃጥለው። እናንተ ቀድማችሁ የምትወጡ ከሆነ ጀርባችሁ ቀጥ፣ ጭንቅላታችሁ ከመደገፊያው ጋር፣ ክንዳችሁ ወደ ውስጥ መሆን አለበት። የመውጫ ውሳኔ ከፍታውን ምድር ላይ ወስኑ። ከቁጥጥር የወጣ አውሮፕላን ከዚያ ከፍታ በታች ከሆነ አይታገሉትም፤ ይወጣሉ። አየር ላይ ለመወሰን የቀረው ሰውና አውሮፕላኑን «ትንሽ ላስተካክለው» ያለ ሰው ዘግይተው ነው የሚስቡት።

አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ቋንቋ አንቱታ አለ። አብራሪው በማዕረግ ወይም በዕድሜ ሊበልጣችሁ ይችላል። ምድር ላይ «ይሳቡ» ትሉት ይሆናል። አየር ላይ ግን «ሳብ!» ነው። አጭሩ ቃል ንቀት እንዳልሆነ ብሪፊንጉ ላይ ፊት ለፊት ተስማሙ። ካልተስማማችሁ ምላሳችሁ በዚያች ቅጽበት ያመነታል።

6. አየር ላይ ከአውሮፕላኑ ቅደሙ

ከተነሳችሁ ጀምሮ ሦስት ጥያቄ በውስጣችሁ ይዙር። አሁን የት ነን? ቀጥሎ ምን አለ? ከዚያስ? ሁለተኛውን መመለስ ከቻላችሁ እኩል ናችሁ። ሦስተኛውን ከመለሳችሁ ቀድማችኋል።

በተግባር እንዲህ ይሠራል። ፀጥ ያለ ሰዓት ስታገኙ አትዝናኑ፤ የሚቀጥለውን ሥራ ጨርሱት። የሚቀጥለውን ድግግሞሽ አስቀምጡ። የማረፊያውን የአየር ሁኔታ አሁኑኑ ስሙ። የማረፊያ ካርታውን ገልጣችሁ አስቀምጡ። የሥራ ብዛት የሚመጣው ወደ መሬት ስትቀርቡ ነው፤ ቀድሞ የተሠራ ነገር ሁሉ ያኔ እጅ ያስፈታላችኋል።

ተጎንብሶ የሚሠራ ነገር ከመጀመራችሁ በፊት ከፍታውን እዩ። አንድ ሒሳብ ልስጣችሁ። በ480 ኖት አውሮፕላኑ በሰከንድ 810 ጫማ ይሄዳል። በ500 ጫማ ከፍታ ላይ አፍንጫው 5 ዲግሪ ብቻ ወደ ታች ቢያጎነብስ መሬት ለመድረስ 7 ሰከንድ ይበቃዋል። ረጅም ድግግሞሽ አንብቦ ማስገባት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ዝቅ ብላችሁ ስትበሩ ሥራውን ቁራጭ ቁራጭ አድርጉት። ሁለት ቁጥር አስገቡ፣ ቀና በሉ፣ ሁለት ቁጥር አስገቡ።

ስትወርዱ ደግሞ ይህን ጠብቁ፦ በዝቅተኛ ከፍታ በደቂቃ የምትወርዱት ጫማ ከምድር ካላችሁ ከፍታ አይብለጥ። 3,000 ጫማ ላይ ሆናችሁ በደቂቃ 4,000 የምትወርዱ ከሆነ መሬቱ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ርቀት ላይ ነው። ያኔ ዝም አይባልም። ልትቆሙበት ወደታሰበው ከፍታ 1,000 ጫማ ሲቀርም ጥሩ፤ «ለ5,000፣ አንድ ሺህ ቀረ።»

ምስሉ ከጠፋባችሁስ? የት እንዳላችሁ፣ ማን የት እንዳለ ድንገት ብዥ ካለባችሁ ወዲያው «ምስሉ ጠፍቶኛል» በሉ። ያወቀ መስሎ ዝም ያለ የኋላ ሰው ለአብራሪው ከባዶ ወንበር የባሰ ነው፤ በባዶ ወንበር ማንም አይተማመንምና።

7. አጭር ተናገሩ፣ ቅደም ተከተሉን አትሳቱ

በሬዲዮ፦ ማንን እንደምትጠሩ፣ እናንተ ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንዳላችሁ፣ ምን እንደምትፈልጉ። በዚህ ቅደም ተከተል። መናገሪያውን ከመጫናችሁ በፊት አንድ ሰከንድ አዳምጡ፤ የሌላ ሰው ንግግር ላይ መድረብ ሁለታችሁንም ያሳጣል። አቅጣጫን በየቁጥሩ ጥሩ፤ «ሦስት ሁለት ዜሮ»። የተሰጣችሁን ከፍታና አቅጣጫ መልሳችሁ አንብቡ። መልሶ ማንበብ ወግ አይደለም፤ የሰማችሁት ስህተት የሚያዝበት የመጨረሻው ወንፊት ነው።

በውስጥ መነጋገሪያ፦ መጀመሪያ ትእዛዙ፣ ቀጥሎ ምክንያቱ። «ከቀኝ በኩል በ2 ሰዓት አቅጣጫ ላይ አንድ አውሮፕላን ይታየኛል፣ ትንሽ ወደ እኛ የመጣ ይመስላል» ብላችሁ ስትጨርሱ ደርሷል። «ግራ ዙር! አውሮፕላን፣ ቀኝ 2 ሰዓት።» አብራሪው እየዞረ ሳለ ምክንያቱን ይሰማል። (አቅጣጫው እንደ ሰዓት ገጽ ቁጥር ነው፤ 12 ማለት ፊት ለፊት ነው።)

ዝምታም ሥራ ነው። አብራሪው እያረፈ፣ ነዳጅ አየር ላይ እየቀዳ ወይም ቅርብ ሰልፍ ይዞ እየበረረ ከሆነ፣ ለደህንነት የማይጠቅም ቃል አታውጡ።

8. መናገር ሲገባችሁ አትለሳለሱ

ጥሩውን ከጎበዙ የሚለየው ይህ ነው። ብዙ የኋላ መኮንን ስህተቱን ያየዋል። ግን እንደ ጥያቄ ያቀርበዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 በቴኔሪፍ ሁለት ግዙፍ አውሮፕላኖች ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። ሊነሳ በሚንደረደረው አውሮፕላን ውስጥ የበረራ ኢንጂነሩ ሌላኛው አውሮፕላን ማኮብኮቢያውን ለቆ እንደሆነ ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ በእርግጠኝነት መለሰ። መንደርደሩም ቀጠለ። ጥርጣሬው ትክክል ነበር፤ የቀረበው ግን በጥያቄ ነበር።

ስለዚህ ደረጃ አድርጋችሁ ተለማመዱት፦

ሀ. ቁጥሩን ንገሩ። «ፍጥነት 20 ኖት ያንሳል።»
ለ. መልስ ካላገኛችሁ በስም ጠርታችሁ ምን እንደሚደረግ ንገሩ። «አበበ፣ ፍጥነት ያንሳል፣ ኃይል ጨምር።»
ሐ. አሁንም ካልታረመ ትእዛዝ ነው። «ኃይል! ወደ ላይ ሳብ!»

ሁለት ጊዜ ተጠርቶ የማይመልስ አብራሪ ራሱን ስቶ ወይም በአንድ ነገር ላይ ፈዝዞ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛውን አትጠብቁ። መሪ ያለው መቀመጫ ላይ ከሆናችሁና ክፍላችሁ የሚፈቅድላችሁ ከሆነ «መሪው በእኔ ነው» ብላችሁ ያዙት። መሪ ከሌላችሁ በወሰናችሁት ከፍታ ላይ የምትስቡትን የመውጫ እጀታ አስቡ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ 5 ኖት ሲጎድል የተነገረ ቃል ለስላሳ ድምፅ ይበቃዋል። 30 ኖት ሲጎድል ግን መጮህ ያስፈልጋል። ቀድሞ የተናገረ ሰው መጮህ አያበዛም።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

ስክሪን ላይ መቅረት። አንድ ኢላማ ወይም አንድ የተበላሸ ማሳያ ላይ ደቂቃ ሙሉ መፍዘዝ። በየ10 ሰከንዱ ከፍታ፣ ፍጥነት፣ ነዳጅ የምትሉበት ልማድ ያዙ።

ነዳጁን አስልቶ ለራስ መያዝ። በስልጠና ዘመኔ ይህን ራሴ ሠርቼዋለሁ። ጆከር መድረሳችንን ወረቀቱ ላይ ጽፌ ነበር። አብራሪው ሥራ ስለበዛበት «ትንሽ ይቆይ» ብዬ ዘገየሁ። ስናርፍ የቀረን ነዳጅ ከታቀደው በታች ነበር። ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ካልተነገረ የለም ማለት ነው።

«ሮጀር» (ሰምቻለሁ) ብሎ ማለፍ። ሳይገባችሁ ከሆነ «ድገምልኝ» በሉ። አንድ መድገም 3 ሰከንድ ነው።

አብራሪውን መብረር ማስተማር። እያንዳንዱን 2 ኖት የሚቆጥር የኋላ ሰው ድምፁ እንደ ሞተሩ ጩኸት ይለመዳል፤ ዋናው ጥሪ ሲመጣም አይሰማም። የምትጠሩበትን ልክ ብሪፊንግ ላይ ወስኑ።

ከጥፋት በኋላ እዚያው መቆዘም። የሳታችሁትን ሰሌዳው ላይ በአንድ ቃል ጻፉትና እለፉ። ቀጣዩ ነገር እየመጣ ነው።

9. ካረፋችሁ በኋላ ግምገማውን በቀረጻው ሥሩ

ግምገማው ከበረራው ቢረዝም አይግረማችሁ፤ ብዙው ትምህርት ያለው እዚያ ነው። ማዕረግ በር ላይ ይቀመጥ። «ማን አጠፋ?» ሳይሆን «ምን ሆነ? ለምን ሆነ? በሚቀጥለው ምን እናድርግ?» በሚለው ሂዱ። ትዝታችሁን አትመኑ፤ የአውሮፕላኑን ቀረጻ ክፈቱ። ሰው የተናገረ የሚመስለውንና በትክክል የተናገረውን ሲያወዳድር ይደነግጣል።

«ለምን» ላይ ሥሩ እስኪገኝ ቆፍሩ። «ዘግይቼ ጠራሁ» መልስ አይደለም። ለምን ዘገያችሁ? ተጎንብሳችሁ ነበር። ለምን? ድግግሞሹን እየፈለጋችሁ። ለምን? ከመነሳታችሁ በፊት አልጻፋችሁትም። የሚታረመው ይህ የመጨረሻው ነው።

ከዚያ በቀረጻው ላይ ሁለት ነገር ቁጠሩ። አብራሪው ጠይቋችሁ የመለሳችሁትን፣ ሳይጠይቅ ቀድማችሁ የነገራችሁትን። በመጀመሪያዎቹ በረራዎች የመጀመሪያው ቁጥር ይበዛል፤ ያለ ነው። ሁለቱንም ከቀኑ ጋር በደብተሩ ላይ መዝግቡ። ከስህተቶቻችሁ አንዱን ብቻ መርጣችሁም ለቀጣዩ በረራ በጭን ሰሌዳው ላይ፣ ከቢንጎው ቁጥር ሥር ጻፉት።